ጌታው መልካቸውን ሲለውጡ

እኔ ባቲላሜራ ነኝ። ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና ይመጣልኛል፣ ላሜራውን በመዶሻ አቃናለሁ፣ ካቃናሁ በኋላ ለዓይናማው አስረክባለሁ፤ ቀለሙ የእሱ ፋንታ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት በአንድ ጋራዥ ጎን ለጎን እንዲህ ሠርተናል። ዓይናማው የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛው ነን። አንድ ቀለም አንዴ ካየ ያለ ምንም መሣሪያ ቀላቅሎ ቁርጥ እሱኑ ያመጣዋል። የአንድ መኪና የፊት በር ከኋላው በር በአንዲት ጠብታ ቢጠቁር ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ ተደስቶ ይሄዳል፤ ለዓይናማው ግን ለሳምንት ምግብ አይበላለትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰውዬው ሞኝ ነበር ብላችሁ እንዳትገምቱት ነው። ጉዱ የመጣው ከማየት ብዛት ነው። ግማሹን ጥፋት ደግሞ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ።

ዓይናማው በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ሰው ቢኖር አማቱን ነው። እሳቸው አርባ ዓመት በአዋላጅነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሰው ሲተዋወቁ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ጣቱን ነው፤ ሙሉ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስለኛል። ዓይናማውን የተዋወቁት ዕለትም እጁን ይዘው ገልበጥ አድርገው አዩት። ጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ ቀለም ነበር።

«ይለቃል?» አሉት።

«አይ እማማ፣ እኔ የምቀባው ቀለም አይለቅም» አለ በኩራት።

«እህ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእሳቸው አፍ የሚሰማው ምስጋናም ሆነ ወቀሳ ይህችው «እህ» ናት። የግቢያቸውን በር ቀባላቸው፤ እህ። የሚያፈሰውን ጣሪያቸውን ጠገነላቸው፤ እህ። ልጃቸውን አግብቶ በሰላም ይኖራል፤ እሱም እህ ነው።

ሴትዮዋ ጡረታ ሲወጡ አንድ ችግር ገጠማቸው። አርባ ዓመት የማታ ተረኛ የነበረ ሰውነታቸው ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ይነቃል። ድመት እንዳያሳድጉ ፀጉሩ ያስነጥሳቸዋል። ውሻ እንዳያሳድጉ ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ ማን ያንሸራሽረዋል? በኋላ አንዲት የቀድሞ ባልደረባቸው ቀን ተኝቶ ሲመሽ የሚነቃ፣ ፀጉር የሌለው፣ የማይጮህ፣ ሽርሽርም የማይጠይቅ እንስሳ እንዳለ ነገረቻቸው። ሌፓርድ ጌኮ የሚባለው የእንሽላሊት ዘር እቤታቸው የገባው እንዲህ ነው። ሌፓርድ ያው ነብር ማለት መሆኑን የነገረኝ ዓይናማው ነው፤ የእሳቸው ግን በምንም በኩል ነብር አይመስልም ነበር። የሁለት ወር ሕፃን ነው፤ ከመዳፍ አያልፍም፤ ቢጫ ገላው ላይ እንደ ንብ ሰፋፊ ጥቁር ቀበቶ ታጥቋል። ዓይኑን እንደ ሰው ይጨፍናል፣ ከንፈሩ ሁልጊዜ ፈገግ ያለ ይመስላል። ስሙን «ጌታው» አሉት።

ታዲያ የዳሌያቸው ሕመም ጠናና ቀዶ ሕክምና ታዘዘላቸው። የሚታከሙት ትልቋ ልጃቸው ባለችበት ከተማ ስለሆነ፣ ተኝተው አገግመው እስኪመለሱ አምስት ወር ያህል ነው ተባለ። ጌታው ለታናሿ ልጃቸው፣ ለዓይናማው ሚስት ማለት ነው፣ በአደራ ሊሰጥ ሆነ።

«እኔ ያንን ነገር እንኳን ላበላው በዓይኔም ማየት አልፈልግም» አለች ሚስትየው።

ስለዚህ አደራው ዓይናማው ትከሻ ላይ ወደቀ። አማቱ የመስታወት ሳጥኑን፣ ማሞቂያውን፣ የሙቀት መለኪያውን፣ ትሉንና ትሉ ላይ የሚነሰነሰውን ነጭ ዱቄት አስረከቡት። ከቦርሳቸው ትንሽዬ የወጥ ቤት ሚዛን አውጥተው ጌታውን በፊቱ መዘኑት።

«አሥራ አንድ ግራም ነው። አየህ? አሥራ አንድ።»

«አይቻለሁ እማማ።»

ሚዛኑን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ሚዛን ለማንም አያምኑም። ከዚያ በቀጭን ጽሕፈት ጥቅጥቅ ብሎ የተጻፈ አንድ ወረቀት ሰጡት። «ሁሉም ነገር እዚህ ላይ አለ። አንብበው።»

አነበበው። እንዳይጠፋበትም የሳጥኑ መስታወት ላይ በወረቀት ፕላስተር አራቱንም ጠርዝ ለጠፈው፤ እንደ ባለሙያ፣ አንድም ቦታ ሳይጨማደድ። አማቱ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ሠላሳ ያህል ፎቶ አነሳ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ጋራዥ መኪና ሲገባ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ባለቤቱ ኋላ መጥቶ «ይሄ ጭረት አልነበረም» እንዳይለን።

የመጀመሪያው ወር በሰላም አለፈ። ዓይናማው ጠዋት ሥራ ሲገባ «ጌታው እንዴት አደሩ?» እንለዋለን፤ እሱም በአንቱታ «ደህና አድረዋል፣ ስድስት ትል በልተዋል» ይለናል። በሁለተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ግን ፊቱ ዳምኖ መጣ።

«እየለቀቀ ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ጥቁሩ። ጠርዙ ላይ ሟሟ ብሏል። ትናንት ቀጥ ያለ መስመር ነበር፤ ዛሬ የለም።»

ፀሐይ ነው አልን። መኪና ፀሐይ ላይ ሲውል ቀለሙ እንደሚነጣ እናውቃለንና። ዓይናማው የክፍሉን መስኮት መኪና ስንቀባ በምንሸፍንበት ወረቀት ሸፈነው። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ሳሎኑ ዋሻ መስሏል። ከሳምንት በኋላ ግን ቀበቶዎቹ መሐል ለመሐል ቡናማ ሆነው፣ ውስጣቸው ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ።

«ዝገት ነው» አለኝ በሹክሹክታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ዞር ዞር እያለ። «ከላይ ቢሆን አይገርመኝም። ይሄ ግን ከውስጥ የሚመጣ ነው። ከውስጥ የሚመጣ ዝገት ደግሞ መድኃኒት እንደሌለው አንተም ታውቃለህ።»

«እንሽላሊት እንዴት ይዝጋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የማየውን ነው የምነግርህ።»

እኔም ልረዳው ብዬ ስልኬን አውጥቼ «ቀለሙን የሚለውጥ እንሽላሊት» ብዬ ፈለግሁ። የወጣልኝ ስለ እስስት ነበር። እስስት ሲናደድ ቀለሙን ይለውጣል ይላል። ሁለታችንም እስስትና ጌኮ ምን ያህል እንደሚራራቁ አናውቅም። ስለዚህ ጌታው ተናደው ነው የሚል ውሳኔ ላይ ደረስን። ዓይናማው ለሁለት ሳምንት እቤቱ በእግሩ ጣት ነው የሄደው። ሬዲዮ አልተከፈተም። ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ «ምን አስቀየምኩዎት? እስቲ ይንገሩኝ» ሲል ሚስቱ ደረሰችበት።

«ለኔ አንድ ቀን እንዲህ ተለማምጠኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

ጌታው ግን አልታረቀም፤ ነጥቦቹ በዙ እንጂ። ሲበርደው ይጠቁራል፣ ሲሞቀው ይፈካል። «እኔ የቀባሁት መኪና እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ እስካሁን ሥራ ፈት ነበርኩ» ይላል ዓይናማው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከቤቱ ደወለልኝ። «ና፤ አለቀልን።»

ቤቱ ለጋራዡ ቅርብ ስለሆነ መዶሻዬን ጥዬ ሄድኩ። ጌታው ሳጥኑ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ድረስ ነጭ! ልክ ከቀለም በፊት ስቱኮ እንደተለቀለቀ መኪና፣ ድብዝዝ ያለ ነጭ። ዓይናማው ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ተቀምጧል። እኔ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ስል ጌታው አፍንጫውን ድንጋይ ላይ ፈተገ፣ ፈተገና ከከንፈሩ ላይ አንድ ነገር ተላጠ። ያንን በአፉ ያዘና ጎተተው። ነጩ ነገር ከራሱ ላይ እንደ ኮፍያ፣ ከእግሩ ላይ እንደ ጓንት እየተገፈፈ ወጣ። ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ እየጎረሰ ዋጠው።

«በላው!» አለ ዓይናማው።

«ምኑን?»

«ራሱን!»

ከሥሩ የወጣው አዲሱ ቆዳ አንጸባራቂ ቢጫ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያማረ ነው። ነገር ግን ላዩ ላይ ነጥብ በነጥብ ሆኗል፤ ከነዚያ ሰፋፊ ቀበቶዎች ጥላ የመሰለ ነገር ብቻ ነው የቀረው። እዚያው ቆመን ጌታው ሁለት ትል ደግሞ ደራርበው ሲበሉ አየን። የታመመ አይመስልም። «ጤነኛ ነው እኮ» አልኩ።

«ጤናውን ማን ጠየቀህ? እሳቸው ያስረከቡኝ ባለ ቀበቶ ነው። ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የማስረክበው?»

በዚህ ሁሉ ጊዜ አማቱ በየቅዳሜው ፎቶ ይጠይቃሉ። ዓይናማው መጀመሪያ ቀን ካነሳቸው ሠላሳ ፎቶዎች አንዱን እየመረጠ ይልካል። «በቪዲዮ አሳየኝ» ሲሉት «ካሜራው ተበላሽቷል እማማ» ይላል። ለምን እውነቱን አትነግራቸውም ብዬው ነበር። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አይለቅም ስላቸው ኖሬ፣ ለቀቀ ልበላቸው?» አለኝ።

አምስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ትልቋ ልጅ ደወለች፤ እማማ ድነዋል፣ በአሥር ቀን ውስጥ ይመጣሉ አለች። ዓይናማው ያን ቀን አንድ ነጭ መኪና ግራጫ ሊቀባ ለጥቂት ነው የተረፈው። እኔም አዘንኩለትና ያልኩትን አልኩ። ጥፋቴ ይሄ ነው።

«እንደ በፊቱ ያለ ሌላ ብንገዛስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ያለ ተስፋ ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

የእንስሳት መሸጫው ባለቤት ቀዝቃዛ ሰው ነው፤ ወሬውን ሁሉ ለዓሣዎቹ የሚነግር ይመስላል። ዓይናማው ስልኩን ከፍቶ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ አሳየው።

«ቁርጥ እንደዚህ ያለ አለህ?»

ባለሱቁ ፎቶውን አየ፣ ዓይናማውን አየ። «አለ። የሁለት ወር ናቸው። ግን እነዚህ እኮ እንደዚህ ሆነው አይ...»

«ቁርጥ እንደዚህ ነው የምልህ። ሦስተኛው ቀበቶ ወደ ግራ ትንሽ ሰፋ ያለ።»

«እሱማ ሦስተኛው ቀበቶ ቢሰፋም ባይሰፋም ከጥቂት ወር በኋላ...»

«ወንድሜ፣ እኔ የመጣሁት ለምክር አይደለም» አለ ዓይናማው። ባለሱቁም ትከሻውን ነቅንቆ ዝም አለ። ምነው በሸሚዛችን አንቆ ይዞ በነገረን ኖሮ!

ዓይናማው አርባ ደቂቃ ያህል ሰባት ሕፃን እንሽላሊቶችን እያገላበጠ አይቶ አንዱን መረጠ። እቤት ስንደርስ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። እኔ የቅርጽ ሰው ነኝና ወዲያው አየሁት። «ይሄ እኮ የዚያኛው ሩብ አይሆንም። መጠኑስ?»

«አንተ ደግሞ ቅርጽ ብቻ ነው የምታየው» አለኝ። «ሰው መጠን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ቀለም ነው።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። «እኔ የለሁበትም» አለች። «ደግሞ እናቴን አታውቃትም።»

ትክክለኛው ጌታው በካርቶን ተደርጎ ወደ እኔ ቤት መጣ። ባለቤቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን ራሷ ትል ስታጎርሰው ደረስኩባት።

የመምጫቸው ቀን ደረሰ። የዓይናማው እጅ መሪ የሚይዝ ስላልነበረ ከጣቢያው ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ሁለት ክራንች ይዘዋል፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው ነው። መንገድ ላይ ስለ ጌታው አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ይህ ነገር ግር አለኝ። ሳሎን ገብተው፣ ልጃቸውን ስመው፣ ወንበር ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ ብቻ «አምጣው» አሉ።

ዓይናማው ትንሹን በመዳፉ አድርጎ አመጣላቸው። አማቱ ተቀበሉት። መነጽራቸውን አደረጉ። ቦርሳቸውን ከፍተው ያችን ሚዛን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

«ዘጠኝ ግራም» አሉ።

ዓይናማው አጎንብሶ ሚዛኑን አየ።

«አሥራ አንድ ግራም ሰጥቼህ ሄድኩ። አምስት ወር ቆየሁ። ዘጠኝ ግራም ትመልስልኛለህ?»

«ትንሽ... ትንሽ ከስቷል እማማ። ናፍቆት ይሆናል።»

«ጣቱንም ቆጥሬያለሁ። የኔ ልጅ የቀኝ የኋላ እግሩ ትንሿ ጣት ጥፍር የላትም። የዚህ ሙሉ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስማኝ። አርባ ዓመት ስሠራ ከሁሉ የሚከብደውን ወሬ ለስንት እናት ነግሬያለሁ። ሲደበቅ እንደሚብስ አውቃለሁ። ከሦስት ወር ወዲህ የምትልክልኝ ፎቶ ሁሉ ላይ ያው አንዱ ትል እዚያው ቦታ ተጋድሞ አያለሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ላለመስማት ብዬ አልጠየቅሁህም። አልጋዬ ላይ ሆኜ አልቅሼለት ጨርሻለሁ። አሁን ቀጥ ብለህ ንገረኝ። መቼ ሞተ?»

እኚህን ሴትዮ ሲያለቅሱ ማሰብ ለኔ ድንጋይ ሲያለቅስ እንደማሰብ ነበር። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ዓይናማው ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተነሣ።

«አልሞተም እማማ! ኧረ አልሞተም! ተበላሽቶ ነው!»

«ምን ሆኖ?»

«ለቀቀብኝ! ቀለሙ ለቀቀብኝ! የሆነውን አላውቅም፣ መስኮቱን ሸፈንኩ፣ ሬዲዮ ዘጋሁ፣ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ራሱን ገፎ በላ፣ መላ አካሉ ነጥብ በነጥብ ሆነ!»

አማቱ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ነጥብ በነጥብ» አሉ።

«አዎ።»

«የት ነው ያለው?»

«እኔ ቤት» አልኩ፣ ከተደበቅሁበት ከበሩ ጀርባ።

«አምጣው።»

እግሬ አውጪኝ አልኩ። መኪናዬን አስነስቼ ደርሼ ስመለስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ስመለስ ዓይናማው እንደቆመ ነው፤ ትንሹ እንሽላሊት ደግሞ የአማቱ ሹራብ እጅጌ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ካርቶኑን ከፈትኩ። ጌታው ወጣ፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ከራሱ እስከ ጭራው ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት። ሴትዮዋ ቀስ ብለው አንሥተው የቀኝ የኋላ እግሩን ዘረጉ። ትንሿን ጣት አዩ። ጥፍር የላትም።

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። ዳሌያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ «ወይኔ ስፌቴን!» እያሉ ሳቁ።

«ወረቀቱን አላነበብክም?» አሉት ሲበርድላቸው።

«አነበብኩ እንጂ እማማ! ለጥፌዋለሁ እኮ፤ ይኸውና!»

«ጀርባውንስ?»

ሁላችንም ወደ ሳጥኑ ዞርን። ወረቀቱ አራቱም ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ፊቱ ወደ እኛ፣ ጀርባው ወደ ውስጥ። ዓይናማው ፕላስተሩን ላጠ። ጀርባውም ጥቅጥቅ ብሎ ተጽፎበታል። የመጀመሪያው መስመር «ቀለሙ ሲለወጥ እንዳትደነግጥ» ይላል፤ ሥሩ ተሰምሮበታል፣ ሁለት ጊዜ። አምስት ወር ሙሉ ያንን ሊያነቡ የሚችሉበት ቦታ ላይ የነበሩት ጌታው ብቻ ናቸው።

«ተቀመጥ» አሉት አማቱ። ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። «ይሄ ዘር ሕፃን ሆኖ ባለ ቀበቶ ነው። ሲያድግ ቀበቶው ይፈርስና ነጠብጣብ ይሆናል። እስከ ዓመቱ፣ ከዚያም በላይ እየተለወጠ ይሄዳል። ስሙስ ምንድን ነው? ነብር ቀበቶ ሲታጠቅ የት አየህ?»

ዓይናማው አንገቱን ደፋ።

«ነጭ የሆነው ቆዳውን ሊጥል ሲል ነው። የሚበላውም የራሱ ስለሆነ ነው፣ አይባክንበትም። ሲበርደው ቢጠቁር ማሞቂያውን እይለት። መፍራት ያለብህ ግራጫ ሆኖ ሲቆይ፣ መብላት ሲያቆምና ጭራው ሲቀጥን ነው። ያኔ ሐኪም ጋ ትወስደዋለህ። የዚህን ጭራ እስቲ እየው፤ አውራ ጣቴን አያክልም?» ጌታውን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። «ሰው እንኳ ሲወለድ ዓይኑ ሌላ ነው፣ ፀጉሩ ሌላ ነው፣ መልኩ ሌላ ነው። በስድስት ወሩ ሌላ ልጅ ይሆናል። አርባ ዓመት ስሠራ፣ ልጄ ለቀቀብኝ፣ በሌላ ለውጪልኝ ብላ የመጣች አንዲት እናት አላየሁም።»

ሚስቱ እዚህ ላይ መሳቅ ጀመረች፤ ጨርሳ ማቆም ስላልቻለች ወጥታ ሄደች።

አማቱ ጌታውን ሚዛኑ ላይ አኖሩት። አርባ ስድስት ግራም። ቁጥሩን አንድ ጊዜ አዩ፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ።

«ማን ነበር የሚያበላው?»

«እኔ።»

«በየቀኑ?»

«ሕፃን ሳለ በየቀኑ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ እንዳሉት ቀን እየዘለልኩ።»

«እህ» አሉ።

ዘጠኝ ዓመት የሰማነው «እህ» አንድ ዓይነት ነበር፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ። ይህኛው ከታች ወደ ላይ ወጣ። እኔ ልሳሳት እችላለሁ፤ ዓይናማው ግን ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ነው የሰማው።

ጌታው በዚያው ሳምንት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ትንሹ ግን መሄጃ አልነበረውም። ሁለቱም ወንድ ስለሆኑ አንድ ላይ ቢቀመጡ ይነካከሳሉ ተባለ። ዓይናማው ወደ ሱቁ ሊመልሰው በካርቶን አድርጎት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን እንደያዘ ጋራዥ ገባ፤ ባለሱቁ ዘግቶ ነው አለ። በሚቀጥለውም ቀን ዘግቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቶ አየሁት፤ ዝም አልኩ። አሁን ትንሹ ሳሎናቸው ውስጥ በራሱ ሳጥን ይኖራል። ዓይናማው በየሳምንቱ የቀበቶውንና የመደቡን ቀለም ቀላቅሎ በትንንሽ ካርድ ላይ እየቀባ ከሥሩ ቀኑን ይጽፋል። የጋራዡ አለቃ አንድ ቀን ካርዶቹን አይቶ «የትኛው መኪና ነው እንዲህ የሚያስቸግርህ?» አለው። «ገና በእድገት ላይ ያለ ነው» ብሎ መለሰለት።

ባለፈው ቅዳሜ የቤታቸውን የመዝጊያ ማጠፊያ ላቃና ሄጄ ነበር። ስልክ ጮኸ፤ ሚስቱ አነሣች። «እማዬ! እንዴት ነሽ? ዳሌሽስ እንዴት ሆነ?» አለች፣ ደስ ብሏት። ሁለት ሰከንድ ያህል አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ። ስልኩን ለባሏ ዘረጋችለት።

«አንተን ነው የምትፈልገው።»

ዓይናማው ስልኩን ተቀብሎ ወደ ትንሹ ሳጥን ተጠጋ። አርባ ደቂቃ አወሩ። ማጠፊያውን አቃንቼ፣ ገጥሜ፣ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘግቼ ጨረስኩ፤ እነሱ ገና ትል ላይ ናቸው። ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ቆማ ታየዋለች።

«እናቴን እኮ ቀማኸኝ» አለችው።

ዓይናማው የስልኩን መስሚያ በመዳፉ ሸፈነ። «ቆይ አንድ ጊዜ፣ ስለ ጭራ እያወራን ነው» አላት፤ ወደ ወሬውም ተመለሰ።